አዲሱ የሥራ ታብሌት ሳምሰንግን ይገዳደራል ወይ? ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ደብረ ማርቆስ ላይ የኮምፒውተርና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ አዲስ የቢዝነስ ታብሌት አምጥቶ «የጎጃም ወኪል ይሁኑልን» ብሏቸዋል። ታብሌቱ አንድሮይድ ነው። ስክሪኑ 10 ኢንች ነው፤ ብዕርና ኪቦርድ አብሮት ይመጣል። ስሙን እዚህ የሚያውቀው የለም። ዋጋው ከሳምሰንግ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን ከ100 ፍሬ ማነስ የለበትም ተብሏል። «እዚህ መሥሪያ ቤቱም ኤንጂኦውም ታብሌት ሲል ሳምሰንግ ማለቱ ነው። ይህ ነገር ያዋጣኛል ወይስ ገንዘቤን መደርደሪያ ላይ ልደረድር ነው?» ይላሉ።

ቁርጡን ልንገርዎት። በጠቅላላው ገበያ ሳምሰንግን አይችለውም። አንድ የታወቀ ሥራ ይዞ ከገባ ግን ቦታ ሊያገኝ ይችላል። በ100 ፍሬ ግን አይጀምሩ። የእኔ ሥራ ለመስክ ሠራተኞች ታብሌት ማዘጋጀት፣ መቆለፍና ማስጠገን ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሻጭ አይደለም። ዕቃው ሲበላሽ ስልክ የሚደወልለት ሰው ሆኜ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ይህን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት ትልልቅ ኩባንያዎች ጠይቀው ብዙ ገንዘብ ከፍለውበታል።

አፕል አይፓድን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ለገበያ አወጣ። በ80 ቀናት ውስጥ 3 ሚሊዮን ሸጠ። ሌሎቹ ደነገጡ። አይፓድ የመዝናኛ ዕቃ ነው፣ የቢሮ ሰው ሌላ ታብሌት ይፈልጋል የሚል ሐሳብ ያኔ ተወለደ። ሲስኮ በዚያው ዓመት ሲየስ የሚባል ባለ 7 ኢንች ታብሌት አስተዋወቀ። አንድሮይድ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ካለው የቢሮ ስልክ ጋር እየተገጣጠመ የቪዲዮ ስብሰባ ያደርግ ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 ግን ኩባንያው ራሱ አቆመው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሠራተኛው ቤቱ ያለውን ታብሌት ይዞ ቢሮ መግባት ጀምሮ ነበር።

ከሁሉም የሚያስተምረው የብላክቤሪ ታሪክ ነው። ያን ጊዜ የቢሮ ስልክ ማለት ብላክቤሪ ነበር። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ያምኑታል፤ የአይቲ ክፍሎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ፕሌይቡክ የሚባል የራሱን ታብሌት በ499 ዶላር አወጣ። ዋጋው ከአይፓድ መነሻ ዋጋ ጋር እኩል ነው። ጉዱ የታየው ሲከፈት ነው። ለቢሮ ሰው የተሠራው ታብሌት የራሱ ኢሜይል የለውም! ኢሜይልና ቀን መቁጠሪያ ለማየት የብላክቤሪ ስልክ አጠገቡ መኖርና ከታብሌቱ ጋር መያያዝ ነበረበት። ኢሜይሉ የመጣው በፌብሯሪ 2012 ነው። ከዚያ በፊት፣ በዲሴምበር 2011፣ ኩባንያው መጋዘን ለቀረው ፕሌይቡክ ብቻ 485 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ቺፑም ሶፍትዌሩም ለጊዜው ጥሩ የሚባል ነበር። ሰውየው ጠዋት ቢሮ ገብቶ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሥራ ግን መሥራት አልቻለም።

ኤችፒ ደግሞ በዚያው 2011 ታችፓድን አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላው አቆመው። የቀረውን በ99 ዶላር ሲያወርደው ሰው ተሻምቶ ገዛው። አስመጪዎ «ዋጋችን ዝቅተኛ ነው» ሲሉዎት ይህን ያስታውሱ። ያ ሽሚያ በኪሳራ የተገኘ ነው፤ ታብሌቱንም ከመሞት አላዳነውም።

ወድቆ የተነሣም አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ሰርፌስ አርቲን አወጣ። የድሮ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን አይጭንም ነበር። በጁላይ 2013 የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ። ከዚያ ግን ማይክሮሶፍት ከአይፓድ ጋር መታገሉን ትቶ ዓይኑን ወደ ላፕቶፕ አዞረ። በ2014 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ 3 «ላፕቶፕዎን የሚተካ ታብሌት» ተብሎ ተሸጠ፤ ተሳካለት። የሚገዳደረውን ዕቃ በመቀየሩ ነው የተረፈው። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ማርቆስ እንመለስ።

ሳምሰንግ እዚህ አካባቢ የሚያሸንፈው በታብሌቱ ብቻ አይደለም። ዙሪያውን የከበበው ነገር ነው ጉልበቱ። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ባሕር ዳር የሚቀይር ወጣት አለ። ቻርጀሩ ከየሱቁ ይገኛል። ከቨሩ ልኩን ይመጣል። ሠራተኛው ስልኩ ሳምሰንግ ከሆነ ታብሌቱን የሚያሳየው ሰው አያስፈልገውም። ሌላም ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ያገለገለ ሳምሰንግ ይሸጣል። ስሙ ያልታወቀ ታብሌት ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ገዢ የለውም። ድርጅት ባይጨነቅበትም ግለሰብ ገዢ ይህን በደንብ ያሰላል።

የመሥሪያ ቤት ግዥን እንመልከት። በመንግሥት ግዥ ደንብ የጨረታ ሰነድ ላይ የንግድ ስም መጥራት አይገባም። የግድ ከተጠራም «ወይም ተመጣጣኝ» መባል አለበት። ስለዚህ በሕጉ በሩ ክፍት ነው። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ስፔስፊኬሽኑን የሚጽፈው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሳምሰንግን ዝርዝር ከፊቱ ዘርግቶ ነው የሚጽፈው። ስሙ አይጻፍም እንጂ የስክሪኑ ልክ፣ የባትሪው መጠን፣ የካሜራው ቁጥር ሁሉ እሱን ይመስላል። የእርስዎ ታብሌት በአንዲት ቁጥር ካነሰ በቴክኒክ ግምገማው ይወድቃል። ኮሚቴው ደግሞ ኦዲተር መጥቶ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ቢለው መልስ የሚያጣበትን ዕቃ አይነካም። ክፋት አይደለም፤ ሰው ለራሱ ይፈራል።

በገንዘቡ በኩል ያለውን ጣጣ በቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ቫትንም ለጊዜው ትቼዋለሁ። 50 ታብሌት እያንዳንዱን በ20,000 ብር ገዙ እንበል። 1 ሚሊዮን ብር ወጣ። በ24,000 ብር ጨረታ አሸነፉ። በወረቀት 200,000 ብር ትርፍ አለ። የውሉ ዋጋ 1,200,000 ብር ስለሆነ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ቢጠየቁ 120,000 ብር ይታሰራል። ክፍያው 4 ወር ቢዘገይና ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ የሚታሰብበት ብድር ቢሆን 60,000 ብር ወለድ ነው። ከ50ው 5ቱ በዋስትናው ጊዜ ተበላሽተው አስመጪው ካልተካልዎት ሌላ 100,000 ብር። የቀረዎት 40,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የትራንስፖርት፣ የሠራተኛ አበል፣ «ኧረ ይህቺ አትከፍትም» እየተባለ የሚመጣው ውጣ ውረድ አለ። የታሰረው 120,000 ብርም የሚለቀቅበት ቀን አይታወቅም። ይህ ሁሉ 50 ፍሬ በሙሉ ከተሸጠ ነው። እርስዎ ግን 100 ነው የሚጠየቁት።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪዎች ዋጋ ለረጅም ጊዜ አይቆርጡም። ጨረታው ላይ የሰጡት ዋጋ ለ60 ቀን ወይም ለ90 ቀን ይጸናል፤ አስመጪው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሊጨምርብዎት ይችላል። ልዩነቱን ማን ይችላል? ውሉ ላይ ካልተጻፈ እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ከሳምሰንግ ጋር ፊት ለፊት ካልገጠምን ከማን ጋር ነው የምንገጥመው? እኔ የማየው ሁለት ተፎካካሪ ነው። አንዱ የሠራተኛው የግል ስልክ ነው። ሌላው ካርኒና መዝገብ ነው።

ከስልክ ልጀምር። ዛሬ ብድር አሰባሳቢውም፣ የሽያጭ ሠራተኛውም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ኪሱ ውስጥ ስማርት ስልክ አለው። ቅጽ ይሞላበታል፣ ፎቶ ያነሣበታል፣ በቴሌግራም ይልክበታል። ታብሌትዎ ከዚህ የተለየ ነገር ካልሠራ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የሚለይባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ረጅም የስም ዝርዝር በአንድ ጊዜ ማየት ሲያስፈልግ፣ ደንበኛው በጣቱ መፈረም ሲኖርበት፣ ዕቃው ከሰው ወደ ሰው በተራ ሲተላለፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መረጃው የድርጅቱ እንጂ የሠራተኛው እንዳይሆን ሲፈለግ። ሠራተኛ ሲለቅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ የደንበኛው ስም፣ ስልክና የዕዳ መጠን አብሮት ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ለድርጅቱ የሕግ ጥያቄም ነው። ይህን ለአንድ የብድርና ቁጠባ ሥራ አስኪያጅ ሲነግሩት ወንበሩን ይስባል። ስለ ካሜራው ፒክስል ሲነግሩት ግን ሰዓቱን ያያል።

ካርኒውን ለማየት ደግሞ ከማርቆስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ማዳበሪያ በሚታደልበት ወቅት አንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በር ላይ ይቁሙ። ማቻከል ይሁን ደምበጫ፣ ቡሬ ይሁን ወምበርማ፣ መልኩ ያው ነው። ገበሬው ተሰልፏል። መጋዘን ጠባቂው ጉልበቱ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግቷል። ከመዝገቡ ላይ ስም ይፈልጋል። አንድ ቀበሌ ውስጥ የአያሌውና የጌታቸው ብዛት እግዜር ይወቀው፤ የአያት ስም ካልተጨመረ አይለይም። ስሙ ሲገኝ ካርኒ ይቆረጣል። ካርቦኑ ስላረጀ ሦስተኛው ቅጂ አይነበብም። አውራ ጣት በቀለም ተነክሮ ይታተማል። የባንክ ደረሰኙ በሽቦ ይያዛል። ማታ ላይ የወጣው ኩንታልና የካርኒው ድምር አይገናኝም፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ እስኪመሽ ይደምራል። በመኸር ደግሞ ይኸው መጋዘን በቆሎ ይገዛል። ወደ ምሥራቅ፣ እነማይና ሸበል በረንታ፣ ጤፍ ይሆናል። ሚዛን፣ መዝገብ፣ ካርኒ፣ ጭቅጭቅ።

እዚህ ቦታ ላይ የአባላቱ ስምና ፎቶ የተጫነበት፣ ኩንታሉን የሚመዘግብ፣ በትንሽ የብሉቱዝ ማተሚያ ደረሰኝ የሚያወጣ ታብሌት ቢገባ ማንም ምልክቱን አይጠይቅም። ማታ የሚደመረው ተደምሮ ይገኛል። ሥራ አስኪያጁ የሚገዛው ያንን ነው። ስለዚህ የሚሸጡት ታብሌት ብቻ ከሆነ በዋጋ ይጨቃጨቃሉ። ታብሌቱን፣ ማተሚያውን፣ ሶፍትዌሩን፣ የሦስት ቀን ሥልጠናውንና የዓመት ጥገናውን በአንድ ላይ ካቀረቡ ሌላው ሻጭ ከምን ጋር ያወዳድረዋል? ሳምሰንግ ራሱ ማቻከል ድረስ መጥቶ የመጋዘን ሠራተኛ አያሠለጥንም።

ሁለት ገበያ ግን ይርሱ። አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ባለሙያዎቹ ኢ-ቺስ በሚባለው ሥርዓት በታብሌት ይመዘግባሉ፤ ስለዚህ ብዙ ታብሌት የሚፈለግ ይመስላል። ይፈለጋል፤ ግን ግዥው በአብዛኛው ከላይ፣ በሚኒስቴሩና በአጋር ድርጅቶች በኩል ነው የሚመጣው። ከማርቆስ ሆነው የሚደርሱበት አይደለም። ሁለተኛው የሱቅና የሆቴል ሽያጭ መመዝገቢያ ነው። «ታብሌቱን ካሽ ሬጅስተር እናደርገዋለን» የሚል ሰው አያጡም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ዕውቅና ማግኘት አለበት። ምግብ ማዘዣ ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኙን ግን አይተካም።

ቀጥሎ ኔትወርክ ነው፤ እዚህ ላይ ልጠንክር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቆም ሶፍትዌር ይዘው ከመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ካርኒው ይመለሳል። ጥሩነቱ፣ ኦዲኬ፣ ኮቦና ኮምኬር የሚባሉት የመስክ መረጃ ሶፍትዌሮች ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። መረጃውን ታብሌቱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከተማ ሲገባ ይልኩታል። የኦዲኬው መሙያ አንድሮይድ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የእርስዎ ታብሌት አንድሮይድ መሆኑ እዚህ ጠቀመ። ኤንጂኦዎች በብዛት የሚጠቀሙትም እነዚህኑ ስለሆነ «ኮቦ ይጭናል ወይ?» ሲባሉ እዚያው ጭነው ያሳዩዋቸው።

ናሙና ሳይቀበሉ ምንም አይፈርሙ። አንድ ሳይሆን አምስት ይጠይቁ፤ አንድ ተመርጦ የመጣ ዕቃ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ሲደርስዎት የማደርገውን እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ ፕሌይ ስቶርን እከፍታለሁ። የስቶሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «አባውት» የሚለውን እነካለሁ። እዚያ ታብሌቱ በጎግል ሰርቲፋይድ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ሰርቲፋይድ አይደለም ካለ ያኔውኑ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ፕሌይ ስቶሩ በጓሮ የተጫነ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ነገ አንድ አፕ ይቆማል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው።

ቀጥሎ ታብሌቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስጀምረዋለሁ፤ ፋክተሪ ሪሴት የሚባለውን። የእንኳን ደህና መጡ ገጽ ሲመጣ ባዶ ቦታ ላይ ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እነካለሁ። ለድርጅት የሚሆን አንድሮይድ ከሆነ የኪውአር ኮድ ማንበቢያ ይከፈታል። በዚያ ኮድ 50ውንም ታብሌት በአንድ ዓይነት ማዘጋጀት ይቻላል፦ ሠራተኛው የሥራውን አፕ ብቻ እንዲከፍት፣ ቲክቶክ እንዳይጭን፣ ቢጠፋ መረጃው ኔትወርክ ሲያገኝ ከሩቅ እንዲጠፋ። ማንበቢያው ካልተከፈተ «ቢዝነስ» የሚለው ቃል ያለው ካርቶኑ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአስመጪው ደውለው «አንድሮይድ ኢንተርፕራይዝ ይደግፋል ወይ?» ይበሏቸው። የሚንተባተቡ ከሆነ መልሱን አገኙ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኖክስ በሚል ስም ይህን ሲሸጥ ኖሯል፤ በዚህ በኩል ከእሱ ማነስ አይቻልም።

የሴኩሪቲ ፓቹን፣ ማለትም የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ፣ ቀን ይመልከቱ። ታብሌቱ ዛሬ ከካርቶን ወጥቶ ፓቹ ያለፈው ዓመት ከሆነ አምራቹ ከሸጠ በኋላ ዞር ብሎ አያይም ማለት ነው።

ከዚያ ቀትር ላይ ውጭ ይውጡ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቢሆን ይመረጣል፤ የማርቆስ ደመና ያታልላል። ብርሃኑን ጫፍ አድርሰው የስም ዝርዝር ያንብቡ። ብርሃኑ ከ400 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) በታች የሆነ ስክሪን ፀሐይ ላይ መስታወት ይሆናል፤ የራስዎን ፊት ነው የሚያዩት። እዚያው ውጭ ሳሉ ሲሙን አውጥተው ጂፒኤሱ ቦታውን ያገኝ እንደሆነ ይሞክሩ። ያለ ኔትወርክ የመጀመሪያው ፍለጋ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ይታገሱት። ጨርሶ ካላገኘ ውስጡ ጂፒኤስ የለውም። ዋይፋይ ብቻ ያላቸው ብዙ ታብሌቶች እንዲህ ናቸው፤ አይፓዱም ሳይቀር ሲም የሌለው ዓይነቱ ጂፒኤስ የለውም።

አማርኛውን አይርሱ። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ በደንብ ይታያል፤ ችግሩ የሚመጣው ደረሰኝ ሲታተም ነው። ርካሽ የሙቀት ማተሚያዎች ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይሮ ካልላከው ገበሬው እጅ ላይ የሚደርሰው የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነው። በአማርኛ ያልወጣ ደረሰኝ ደግሞ ማኅበሩ ውስጥ ውሃ አያነሣም። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሁን።

ስለ ኃይል አንድ ነገር። የ10 ኢንች ታብሌት ባትሪ 7,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። ገጠር ላይ ባለው ትንሽ ሶላር፣ 5 ቮልት 1 አምፒር በሚሰጠው፣ ከባዶ እስኪሞላ 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ታብሌት ጋር ጥሩ ፓወር ባንክ ይግባ። የቻርጀሩን ቀዳዳ ደግሞ በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው ያዩት፤ የመስክ ታብሌት ከስክሪኑ ቀጥሎ የሚሞተው በዚያ ነው። ባትሪው በቀላሉ የሚቀየር ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ሳምሰንግ ይህን ስላወቀ እ.ኤ.አ. በ2014 ታብ አክቲቭ የሚባል ባትሪው የሚወልቅ የመስክ ታብሌት አውጥቷል፤ ዘሩ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ «የእኛ ጠንካራ ነው» ብቻ ብሎ ማሸነፍ የለም። እዚህ አካባቢ በብዛት የማየው ግን ርካሹ ታብ ኤ ነው፤ ባትሪው የታሸገ፣ ለቢሮና ለቤት የተሠራ። መጋዘን ውስጥ ይሰቃያል። ክፍተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ብዕሩና ኪቦርዱ? ለጎጃም መስክ ሥራ ትርፍ ናቸው። ብዕሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፋል። አስመጪው እነሱን አውጥቶ በምትኩ ወፍራም ከቨርና የትከሻ ማንገቻ ይስጥዎት፤ ዋጋም ይቀንስ።

አሁን ወደ ውሉ። መሳብ ያለብዎት ክር ጥገናው ነው። የተበላሸ ታብሌት የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ከገባ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ማኅበሩ ያን ሁሉ ጊዜ አይጠብቅም። ስለዚህ ከ20 ታብሌት አንዱ መተኪያ ሆኖ በነፃ እርስዎ ሱቅ ይቀመጥ። ስክሪን፣ ባትሪና የቻርጅ ቦርድ ከመጀመሪያው ጭነት ጋር ይምጣ፤ «እናስመጣለን» አይሠራም። ዋስትናው ማርቆስ ላይ ይፈጸም፤ ለሚጠግንልዎት ልጅም ሥልጠናውን እነሱ ይስጡ። ይህ ሁሉ ከተሟላ እርስዎ ሳምሰንግ እዚህ የሌለውን ነገር ያዙ፦ በዚያው ቀን የሚተካ ዕቃ።

የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠውን የዕቃ ፈቃድ ኮፒ ይጠይቁ። ሲም የሚወስድ ዕቃ ያለዚያ ጨረታ ላይ ያጋልጥዎታል። የጎጃም ወኪልነቱም በጽሑፍ የእርስዎ ብቻ ይሁን። ገበያውን አልምተው ሲያበቁ ባሕር ዳር ሌላ ወኪል ቢሾሙ ምን ይላሉ?

ስለ ብዛቱ፣ 100 የሚሉት መጋዘናቸውን ለማቅለል ነው። ታብሌት ተቀምጦ ያረጃል፤ ባትሪው ይደክማል፣ አንድሮይዱ ያልፍበታል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ100 ሺህ በላይ ታብሌት ተገዝቶ ቆጠራው ሲራዘም ሁላችንም አይተናል። መንግሥት ይችለዋል፤ እርስዎ አይችሉትም። 10 በአደራ ይስጡዎት፤ ሲሸጥ ይከፍላሉ። እምቢ ካሉ ቢያንስ ያልተሸጠውን በስድስት ወር ውስጥ እንደሚመልሱ ይጻፍ።

በእነዚያ 10 አንድ ማኅበር ብቻ ይያዙ። በጥቅምትና በኅዳር፣ የእህል ግዥው ሲጀምር፣ አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ታብሌት በነፃ ያሠሩ። ሌሎቹን ለሥራ አስኪያጆች ለማሳያ ይያዙ። በጥርና በየካቲት የዚያን መጋዘን ሒሳብ ይዘው ወደ ማኅበራቱ ዩኒየን ይሂዱ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ወረዳዎች ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሯሯጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ስፔስፊኬሽን የሚጽፈው ባለሙያ የእርስዎን ታብሌት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አይቶት ቢሆን ወረቀቱ ላይ «በዚያው ከተማ ጥገና የሚሰጥ» የምትል መስመር ሊጨምር ይችላል። ያቺ መስመር ከማንኛውም ማስታወቂያ ትበልጥልዎታለች።

አስመጪው በመተኪያው፣ በመለዋወጫውና በአደራው ከተስማሙ ይግቡበት፤ እኔ ብሆን እገባለሁ። በሦስቱም እምቢ ካሉ ሳምሰንግዎን መሸጥዎን ይቀጥሉ፣ ሶፍትዌሩንና ሥልጠናውን ግን እሱ ላይ ጨምረው ይሽጡ። ናሙናዎቹ ሲደርሱ የሞዴል ቁጥሩንና የፓቹን ቀን ይላኩልኝ፤ ስድስቱን ንክኪ ሞክረው ምን እንደተከፈተም ይንገሩኝ። እስከዚያ ለ100 ፍሬው ሲፒኦ አያሠሩ።